ዳይኖሰር የተባለው መንጋጭላ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ድንጋይ ላሺ ተባልኩ። እኔ ደግሞ ፆመኛ ነበርኩ።

የተቀጠርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ ቤተ መዘክር ውስጥ፣ ከመሬት የወጡ የጥንት እንስሳት አጥንቶች በሚጸዱበትና በሚጠገኑበት ክፍል ነው። ማዕረጌ ረዳት ቴክኒሻን ይባላል፤ ከእኔ በታች ማንም አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ታዬ ነበሩ። ጋዋናቸው በጀሶ ከመድረቁ የተነሣ አውልቀው ሲያስቀምጡት ብቻውን የሚቆም ይመስል ነበር። ሁለት ቡናማ ጓሎች ፊቴ አስቀመጡ።

«አንዱ አጥንት ነው፣ አንዱ ድንጋይ። ለይተሽ ንገሪኝ» አሉ።

አገላበጥኳቸው። ሁለቱም ድንጋይ ናቸው የሚያሰኙ ነበሩ።

«ዓይንሽ ካልለየ ምላስሽ ይለያል። የቆየ አጥንት ውስጡ ቀዳዳ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ አይጣበቅም። በይ ላሺ።»

ረመዳን መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ጓሎቹን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ሥራ ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። መግሪብ እስኪል እዚያው ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው ጋዜጣ አነበቡ። ቴምሬን በልቼ ውሃ ስጠጣ መሳቢያውን ከፈቱና «አሁን ላሺ» አሉ። በግራ እጄ የያዝኩት ተጣበቀ።

እሳቸው ደግሞ ፆም አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ። ዐቢይ ፆም ሲገባ ተራዬን ጠብቄ «ጋሼ፣ አጥንት በሁዳዴ?» እላቸው ነበር። «ሥጋው ካለቀ ስንት ዘመኑ! ይህ አጥንት ፆም አያስገድፍም» ይሉኛል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት አብረን ሠራን።

አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ የቀረ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ሮጬ ጎማው ሥር ድንጋይ የምሸጉጠው እኔ ነበርኩ። ሹፌሮች ይህን ድንጋይ ታኮ ይሉታል። ቤተ መዘክር ልቀጠር ነው ስለው «ድንጋይ ከጎማ ሥር ስታወጪ አድገሽ፣ አሁን ደግሞ ከመሬት ሥር ልታወጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደመወዝ እንዳለው ስነግረው ግን መሳቁን ተወ።

የእኛ ሥራ የመርፌና የብሩሽ ሥራ ነው። አጥንቱ ከመስክ በጀሶና በጆንያ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ጀሶውን በመጋዝ ከፍተን፣ አፈሩን የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መርፌ ቅንጣት በቅንጣት እናነሣለን። የተሰበረውን አሸዋ በሞላ ሣጥን ውስጥ አቁመን እናጣብቃለን። ሙጫው በአሴቶን የሚሟሟ ዓይነት መሆን አለበት። «የማይፈታ ሙጫ እንዳትነኪ» ይሉኝ ነበር ጋሼ ታዬ፤ «ነገ ካንቺ የሚሻል ሰው መጥቶ ስህተትሽን ማረም አለበት።»

ከእያንዳንዱ አጥንት ጋር ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ የሚናገር ቁራጭ ካርድ ይመጣል። አንዳንዴ ሰው ከመንገድ ዳር አንሥቶ ካርድ የሌለው አጥንት ያመጣልናል። ጋሼ ታዬ እንዲህ ዓይነቱን «ወላጅ አልባ» ይሉታል። ተንከባክበው ያስቀምጡታል፣ ግን ደስ አይላቸውም። «ምን እንደሆነ በግምት ልነግርሽ እችላለሁ። በማን ዘመን፣ ከማን ጋር እንደኖረ ግን የሚነግረኝ የነበረበት አፈር ነው» ይላሉ።

ከረዳት ቴክኒሻንነት ተነሥቼ በከፍተኛ ቴክኒሻንነት ጡረታ ወጣሁ። ጋሼ ታዬ ከዚያ በፊት አርፈው ነበር። እኔም አባቴ የተወልኝ አዳማ ያለው ቤት ገባሁ።

የሰፈሩ ሰው ግን ጡረታዬን አልተቀበለውም። አንዱ የጅብ አጥንት፣ አንዱ ከፋብሪካ የተጣለ የብረት ቅላጭ ይዞ በሬን ያንኳኳል። አንድ ሰውዬ ሰፊ የሲሚንቶ ስባሪ በጋሪ ጭኖ መጥቶ «ዳይኖሰር ረግጦታል» አለኝ። «ዶሮ ናት የረገጠችው፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ» አልኩት። ተቀይሞኝ ሄደ።

ሥራውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ዳይኖሰር አይገኝም። ከአዳማ እስከ ላንጋኖ የምንረግጠው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና የሐይቅ ደለል ነው፤ የተቀመጠውም ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። የእነሱ ዘመን ድንጋይ በአገራችን የሚታየው እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ጥልቅ ገደል ግድግዳ ላይ ነው። እዚህ ቢቆፈር ዝሆን፣ ጉማሬ፣ አዞ፣ የሜዳ አህያ ይወጣል። እነሱ ደግሞ ምን አነሳቸው?

ከማል የጎረቤቴ የሸሪፋ ልጅ ነው። መኪናና ቤት ያሻሽጣል፤ አንደበቱ ቅቤ ነው። አንድ ቀን ስልኩን እያሻሸ ገባ።

«እትዬ ዘሃራ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«ምን የምትል ቃል?»

«ዳይኖሰር ነው የምትል።»

ፎቶ አሳየኝ። ረጅም ቡናማ መንጋጭላ ነው፤ ዙሪያውን ክራንቻ ብቻ። ያን ያህል ክራንቻ በአንድ አፍ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«የተገኘው የት ነው?» አልኩት።

«አዳሚ ቱሉ አካባቢ።»

«እንግዲያው ዳይኖሰር አይደለም።»

«እትዬ ደግሞ! ሳያዩት?»

«አንተስ ሳላየው ዳይኖሰር ነው ይበሉ ስትለኝ አልነበር እንዴ?»

ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ዘረገፈው። ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያለው አቶ ደረጀ የሚባል ሰው አጥንቱን ከከማል ወስዷል። ለዱከም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለሆነ የውጭ ሰው ሊሸጠው ነው። ሰውየው ግን የሙያ ሰው ቃል ካልሰማ አልገዛም ብሏል። የሙያ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ቅርስ አይሸጥም፣ ሕግ አለ ስለው «ማን ሸጠ እትዬ? ስጦታ ነው የምንለው» አለኝ።

ለምን ሄድሽ የሚለኝ ይኖራል። የሄድኩት ከዚያ ሁሉ ክራንቻ ሥር እውነተኛ አጥንት ያለ ስለመሰለኝ ነው። እምቢ ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ያ አጥንት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከአገር ይወጣ ነበር።

ከከማል ጋር ላንጋኖ ስንደርስ አቶ ደረጀ ራሱ ሎጁ በር ላይ ተቀበለኝ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ በአፌ አንቱ ብየዋለሁ፣ በጽሑፍ ግን አልልም። ግቢው ውስጥ ግራር ሥር አንድ ሽማግሌ አዲስ ጃኬት ለብሰው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸው። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» አሉኝ፤ እንደምን ነዎት፣ እትዬ እንደማለት ነው። ማን እንደሆኑ አልተነገረኝም።

አጥንቱ አዳራሹ መካከል ጠረጴዛ ላይ፣ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆየኝ። አቶ ደረጀ ጨርቁን እንደ ሐውልት መራቂ ገፈፈው።

«እንዴት ነው? ዳይኖሰር አይደለም?»

«ወንበር ስጡኝ፣ በመስኮቱ በኩል» አልኩ።

አጥንት ሲመረመር መጀመሪያ ይነሣል፤ ክብደቱ ይናገራል። ይሄኛው አንዱ ጎኑ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል። ምላሴን አስነካሁት፤ አልተጣበቀም። አስተናጋጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ይዤው በመጣሁት አሴቶን ጥጥ ነክሬ ከሥር በኩል ትንሽ ቦታ ጠረግሁ፤ ጥጡ ቡናማ ሆነ። ቨርኒሽ ነው የቀቡት። ያ ሲለቅ ድጋሚ ምላሴን አስነካሁት። ተጣበቀ።

ከገንዘብ ተቀባይዋ የሐሰት ብር የሚለይበትን ሰማያዊ መብራት አስመጣሁና መጋረጃውን አስዘጋሁ። የመንጋጭላው አካል ጨለማ ሆኖ ቀረ። የጥርሶቹ ሥርና የላይኛው ጠርዝ ግን ነጣ ብሎ በራ። በመርፌ ፋቅ ፋቅ አድርጌ የወጣውን ብናኝ በላይተር አነደድኩት፤ አዳራሹ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። የተጋጨ መኪና የሚለጠፍበት ስቱኮ ነው። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ በአሴቶንም በሌላም አይፈታም። በዚያች ደቂቃ ጋሼ ታዬ አጠገቤ ቢኖሩ ልባቸው ይቆም ነበር።

ክራንቻዎቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየሁ። የአዞ ናቸው፤ የአንድ አዞም አይደሉም፣ ከሐይቅ ዳር የተለቃቀሙ። ከመካከላቸው አንዱ የተሞረደ የፍየል ቀንድ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ስቱኮው በተሰነጠቀበት በኩል ደግሞ የድሮው የጥርስ ጉድጓድ ጠርዝ ይታያል፤ የሰው ጫማ የሚያስገባ፣ ረጅምና ጠፍጣፋ ጉድጓድ። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው አንድ እንስሳ ብቻ ነው።

«አቶ ደረጀ፣ መንጋጭላው የዝሆን ነው» አልኩ። «እውነተኛ ነው፣ በጣም የቆየ። ክራንቻዎቹ የአዞ ናቸው፣ ይሄኛው የፍየል ቀንድ ነው፣ የቀረው የመኪና ስቱኮ ነው። የዝሆኑን ጥርስ አውጥተው ነው ይሄን የተከሉበት።»

ፊቱ ቀላ። ወደ ከማል ዞረ። ከማል ግን ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «ሽማግሌው ነው!» አለ። «እንዲህ ሆኖ ነው የሰጠኝ። እኔም ተታልያለሁ!» የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የተባለው ለእሱ ነው።

ግራር ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ተጠሩ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ አዳሚ ቱሉ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። አጥንቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ የመጡትም ለገዢው «ያገኘሁት እኔ ነኝ» እንዲሉ ተፈልገው ነው። እሳቸው አፋቸውን እንኳ ሳይከፍቱ አቶ ደረጀ «አንተ አታላይ! ሌባ! ፖሊስ ይጠራልኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው፣ በአስተናጋጆች ፊት።

ኦቦ ቱፋ ወደ ጠረጴዛው ቀርበው ያን የክራንቻ ክምር አዩ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«አንተ የሰጠኸው ነዋ!»

«እኔ ይሄን አልሰጠሁም። የእኔ ጥርሱ እንዲህ ሹል አይደለም። ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ፤ ላዩ መስመር መስመር አለው፣ እንደ ወፍጮ።» በመዳፋቸው መስመሩን በአየር ላይ አሳዩ። «ይሄ ልጅ ለመንግሥት ነው የምወስደው፣ ተማሪዎች ያዩታል አለኝ። እኔም ተሸክሜ መኪናው ላይ ጫንኩለት።»

የዝሆንን የመንጋጋ ጥርስ ያላየ ሰው እንዲህ ብሎ ሊናገር አይችልም። እውነተኛ መሆናቸውን ያኔውኑ አወቅሁ። ግን የእኔ ማወቅ ምን ይጠቅማቸዋል? አቶ ደረጀ «ማስረጃ!» ይላል፣ ከማል «ወላሂ» ይላል።

«አዴ» አሉኝ ኦቦ ቱፋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ በአካባቢዬ ሰው የተጣላ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የማስታርቅ ነኝ። ዛሬ ሌባ ተባልኩ። ይሄ ነገር ሳይጠራ ከሽማግሎች ጋር አልቀመጥም። የእኔን ቃል ማን ይሰማል ከእንግዲህ?»

«ኦቦ ቱፋ፣ የት ነበር የተኛው?» አልኳቸው። «እንዴትስ ነበር?»

ጥያቄው ያስገረማቸው መሰለኝ፤ ትክ ብለው አዩኝ። ከዝናብ በኋላ ማሳቸው ዳር ያለው ቦረቦር ተንዶ፣ ግድግዳው ላይ ጥርሱ ወደ ላይ፣ ጫፉ ወደ ፀሐይ መውጫ ሆኖ እንዳገኙት ነገሩኝ።

«ሌላስ አለ እዚያ?» አለ አቶ ደረጀ፣ ሌባ ያለበት አፉ ሳይደርቅ። «ካለ ኤክስካቫተር አመጣለሁ።»

«የለም» አሉ ኦቦ ቱፋ። መልሳቸው ከጥያቄው ፈጠነ።

እኔ በነገር ተብሰልስዬ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ከማል አጠገቤ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። መቂ ስንደርስ መታገሥ አቃተኝ።

«ጥርሶቹ የት አሉ?»

«የትኞቹ?»

«ያወጣሃቸው! ከሸሪፋ ቤት ሳልገባ ንገረኝ።»

«እትዬ፣ በአላህ ለእናቴ እንዳይነግሯት!»

«ጥርሱን ስጠኝና እናትህን ጭራሽ አላውቃትም።»

አዳማ እንደገባን ከከተማው ዳር ወዳለ ጋራዥ ወሰደኝ። ስቱኮ ለጣፊው እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ ከአንድ አባዱላ ሥር ወጣ። ምንም የሚደብቀው ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም በሥራው ይኮራል።

«የድሮው ጥርስማ ዳይኖሰር አይመስልም ብሎ ከማል አስወጣኝ» አለ። «በመሮ ነው የነቀልኩት። እንዴት ያለ ጠንካራ ነገር ነው!»

«በመሮ!» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«አንዱ ሲወጣ ተሰባበረና ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። አንደኛው ደህና ነበር...» ራሱን አከከና ወደ ግቢው ጥግ አየ። ዳገቱ ላይ ጭነት የያዘ አይሱዙ ቆሟል። «ታኮ አደረግነው።»

ሄጄ አየሁት። የኋላ ጎማው ሥር፣ ዘይትና ጭቃ ለብሶ፣ ላዩ ላይ ያ መስመር መስመሩ ይታያል። ለጥርሱ ማንነት ዋናው ምልክት ያ መስመር ነው፤ ዝሆኑ ከየትኛው ዘር እንደሆነ የሚነበበው ከእሱ ነው። እነዚህ ሰዎች የእንስሳውን መታወቂያ ከአፉ ነቅለው፣ በቦታው የፍየል ቀንድ ተክለው፣ መታወቂያውን ጎማ ሥር ከተቱት! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነበር።

ስቱኮ ለጣፊው ደንግጦ ሊያወጣው ጎንበስ አለ። «እንዳትነካ!» ብዬ ጮኽኩበት። የተጫነ መኪና ላይ አዲስ ታኮ ሳይገባ የድሮው አይነሣም፤ ይሄን ትምህርት ቤት ሳልገባ ከአባቴ አውቀዋለሁ። ሌላ ድንጋይ ፈለግሁ፣ ከጎኑ ሸጎጥኩ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ትንሽ ወደፊት እንዲያንቀሳቅስ አደረግሁ። ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጥርሱን አወጣሁት። ከጡረታዬ በኋላ የሠራሁት ትልቁ የመስክ ሥራ ይሄ ነው።

በማግሥቱ ወደ ላንጋኖ ተመለስኩ። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደውዬ ስለነበር አንድ ባለሙያ መጥቷል። ኦቦ ቱፋ ደግሞ አብረዋቸው የሚያስታርቁ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። ከማልን እኔው ነኝ በጆሮው ይዤ ያመጣሁት። የዱከሙ ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ ሳይመጣ ቀረ።

ስቱኮው በምንም ስለማይሟሟ በመርፌ መቆርቆር ነበረብኝ። የአዞዎቹን ክራንቻ አንድ በአንድ ነቅዬ በሳህን አስቀመጥኩ፤ የሎጁ እንግዶች ለቁርስ ሲያልፉ ቆም እያሉ ያዩኛል። ጉድጓዱ እስኪጸዳ ረፋዱ አለፈ። ሽማግሎቹ ሳይሰለቹ ዙሪያዬን ተቀምጠው ጠበቁ። አቶ ደረጀ ግን በየመሀሉ እየመጣ «አሁንም አላለቀም?» ይላል።

ሲያልቅ ጥርሱን አጠብኩና አነሣሁ። ካልገጠመ የኦቦ ቱፋ ስም እንደጠፋ ይቀራል፤ አቶ ደረጀ ሌላ ማስረጃ አይቀበልም። ከኋላ በኩል አስጠግቼ ቀስ ብዬ ወደ ጉድጓዱ ለቀቅሁት። መጀመሪያ ያዝ አደረገው። በመሮ የተሸረፈውን ጠርዝ አይቼ ትንሽ አዞርኩት። ገባ። ስብራቱ ከስብራቱ ጋር፣ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ገጠመ፤ በመካከላቸው ወረቀት አይገባም።

ኦቦ ቱፋ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። «እንደ ወፍጮ አላልኩም?» አሉ።

ከሽማግሎቹ አንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

አቶ ደረጀ ጥርሱን አየ፣ መንጋጭላውን አየ፣ እኔን አየኝ።

«እና ዝሆን ብቻ ነው?» አለ።

ብቻ! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ትጮኻለች ይህቺ ቃል። ዛሬ ላንጋኖ ዳር ዝሆን በቢራ ጠርሙስ ላይ እንኳ አይታይም። እዚህ ይመላለስ የነበረ ዝሆን፣ አሁን በምድር ላይ ዘሩ የሌለ ዝሆን፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ ሳይሰበር ቆይቶ በአንድ ሳምንት በሰው እጅ ተሰበረ፤ ያውም ፊልም ላይ ያዩትን ይምሰል ተብሎ። ይሄን ሁሉ ፊት ለፊቱ ተናገርኩት። የተናገርኩትን ግማሹን እዚህ አልጽፈውም።

ሽማግሎቹ ይቅርታ ይጠየቅ አሉ። አቶ ደረጀ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ፤ ማንም እንዳልደወለለት ሁላችንም አይተናል። እስከ ዛሬ አልጠየቀም። ከማልን ግን «ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ሥር ውደቅ» አልኩት። ልጁ ከድንጋጤው ብዛት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥርስ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ሊጭን ሲል «እሱን አስቀምጥ!» ብዬ ጮኽኩ። ኦቦ ቱፋም ሳይቀሩ ሳቁ። ከደጅ ደህና ድንጋይ አምጥቶ ወደቀላቸው፤ እሳቸውም በዱላቸው ነክተው አነሡት።

መንጋጭላውንና ጥርሱን የወረዳው ባለሙያ ተረክቦ ወደ ቤተ መዘክር ላከው። ክፍሉ ውስጥ አሁን ያሉት የእኔ ተማሪዎች ናቸው፤ የቀረውን ስቱኮ ሲያነሡ ያለቀሱ ይመስለኛል። የተሰባበረው ጥርስ ግን ከአዳማ ቆሻሻ ጋር ሄዷል። የፈለገ ይናደድ፣ እሱን የሚመልስ ሙጫ የለም።

ያን ዕለት ከሎጁ ስንወጣ ኦቦ ቱፋ «አዴ ዘሃራ፣ ማሳዬን ሳያዩ አይሄዱም» አሉኝ። በባጃጅ ሄድን። ከሽንኩርቱ ማሳ ጀርባ ቦረቦሩ አለ። ወረድን። አንድ ቦታ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ተከምሯል፤ ከብት እንዳይረግጠው የታጠረ ይመስላል። እሾሁን በዱላቸው ገለጥ አደረጉ፣ ልቅ አፈሩን በእጃቸው ጠረጉ።

የዝሆኑ የራስ ቅል ነበር። ተጋድሞ፣ ሙሉ ነው። ሁለቱ የላይ ጥርሶች በቦታቸው አሉ፣ አንድም ሰው አልነካቸውም።

«ትናንት አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ሌላ የለም ብያለሁ።»

«ለምን ለእኔ አሳዩኝ?»

«ልጁ ሲመጣ ስንት ትላለህ አለኝ። ባለ ሎጁም ሌላ አለ ወይ አለኝ። የት ነበር፣ እንዴት ተኝቶ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ከእርስዎ በቀር።»

አልቆፈርኩም። አብረን አፈሩን መልሰን፣ እሾሁን ከምረን ወጣን። ለቤተ መዘክሩ የደወልኩት ከላይ ከማሳው ሆኜ ነው። እስኪመጡ ድረስ ቦታውን ኦቦ ቱፋ ጠበቁት። የመጡት ባለሙያዎች ካርዱን ሲሞሉ «ያገኘው ሰው» ከሚለው ፊት የኦቦ ቱፋን ስም ከነአባታቸው ጻፉ።

ወደዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ሰው አጥንት ይዞላችሁ ሲመጣ ምንድን ነው፣ ምን ያወጣል አትበሉ። መጀመሪያ የት ነበር በሉ።